መልስ፦ የ14 ዓመት ልጄ ኮዲንግ ይችላል፤ በምን ገንዘብ ያግኝ?
እህቴ፣ ልጅሽ ፓይተን የሚባለውን የኮዲንግ ቋንቋ ከቻለ እዚያው ኮዬ ፈጬ ሰፈራችሁ ውስጥ ይጀምር። በኢንተርኔት ሥራ የሚገኝበትን አፕወርክን ለጊዜው ተዪው፤ ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች አንዱን ይምረጥ፤ ኬክ ቤት እንበል። ባለቤቷ «ባለ ሁለት ኪሎው ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ ስትመልስ ትውላለች። ፎቶና ዋጋ የሚያሳይ፣ ትዕዛዝ የሚቀበል የቴሌግራም ቦት (በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ይሥራላት። ቦት መክፈት ቴሌግራም ውስጥ ባለው ቦትፋዘር በኩል ነጻ ነው። የመጀመሪያውን በቅናሽ ይሥራ፣ በነጻ ግን በፍጹም! ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ ያዙ፤ ክፍያው በአንቺ ቴሌብር ይግባ። ከዚያ ዋጋና ፎቶ ለማደስ በየወሩ ትንሽ ያስከፍል፤ ቋሚ ገቢ የሚሆነው እሱ ነው። ቅጥር ግን ገና ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው። በፈተና ሰሞን አዲስ ሥራ እንዳይቀበል አደራ።