መሣሪያ አልችልም ሙዚቃ አስተምሪ ተባልኩ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት፣ «2ኛ ክፍል ክወናና እይታ ጥበባት ተሰጠኝ፣ ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም፣ ኪቦርድ ኮርስ ልግባ ወይ» ነው ያልሽው። ኮርሱ አይከፋም ግን ለአሁኑ ብርሽን አታውጪ። እኔም የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ክፍለ ጊዜህ አልሞላም ተብሎ ነው ሙዚቃ የተደረበልኝ፣ ይኸው 9 ዓመት ሆነኝ።

መጀመሪያ የሰራሁትን ጉድ ልንገርሽ፣ ሰሌዳ ላይ 5 መስመር አስምሬ ኖታ አስገለብጥ ነበር። 58 ልጅ ማስመሪያ እየተዋዋሰ መስመሩን ሳይጨርስ 40 ደቂቃው ያልቃል፣ ደብተራቸው ሲታይ ያምራል፣ ግን ሴሚስተሩ እስኪጋመስ አንድም ልጅ አፉን አልከፈተም፣ የሙዚቃ ክፍል ጸጥ ብሎ!

ከዛ እንዝፈን አልኩና ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ድምፄ ወፍራም ነው፣ በራሴ ልክ ስጀምርላቸው እኔን ለመከተል ወደ ታች ወርደው ያጉረመርማሉ፣ የቀሩት ዝም ብለው ይጮሃሉ። እነዚህ ልጆች ጆሮ የላቸውም እያልኩ ስታፍ ውስጥ ሳማቸው ከረምኩ። አንድ ቀን የመጨረሻው ዴስክ ላይ ያለች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር ዘፈኑ ጉድጓድ ገባ» አለችኝ። በቃ ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እስቲ አንቺ ጀምሪው ስላት በጣም ከፍ አድርጋ ጀመረችው፣ ሁሉም እኩል ተቀበላት፣ ለካ ጆሮ ያልነበረኝ እኔ ነኝ። የትንሽ ልጅ ድምፅ ከትልቅ ወንድ በአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ገደማ ከፍ ይላል፣ ይሄን የነገረኝ አልነበረም። ከዛ ወዲህ ዘፈን የሚያስጀምረው ልጅ ነው። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ይቀልሻል፣ ግን ጠዋት ጠዋት ድምፅ ስለሚወፍር ስልክሽ ላይ የፒያኖ አፕ ጫኚና መነሻዋን ድምፅ ብቻ ነክተሽ ስጫቸው፣ ለዚች ኮርስ አያስፈልግም።

ምን ላስተምር ላልሽው፣ እረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለሽ እያቸው። እቴሜቴ ሲጫወቱ እጅ ለእጅ እያጨበጨቡ ምት ይጠብቃሉ፣ የሳተ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል፣ አስተማሪ የለ ፈተና የለ። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የጨፈረ ልጅማ አውራጅና ተቀባይ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ በዱላው መሬቱን ሲመታ ምቱን ይዞታል፣ ያንቺ ስራ ስሙን መንገር ነው።

ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺ ሆዬ እያልሽ ቅኝት አታሸምድጂያቸው፣ ይደርሳል። ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ከሚባሉት ድምፆች በሶልና ሚ ጀምሪ፣ ልጅ ጓደኛውን ከሩቅ ስሙን እየጎተተ ሲጣራ ወደ ታች የሚያወርዳት ነገር አለች አይደል፣ እሷ ናት። ሲለምዷት ላን ጨምሪ፣ ቀስ ብለሽ ዶና ሬን፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ሲሆን እኮ ሳይታወቃቸው ትዝታ ሜጀር (አንዱ የትዝታ ቅኝት ዓይነት) ላይ ናቸው። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲና አስተማሪ የዞልታን ኮዳይ ዘዴ የሚባለውን ዩቲዩብ ላይ ፈልጊው፣ ድምፁን በእጅ ነው የሚያሳዩት፣ ዶ ጭብጥ፣ ሚ የተዘረጋ መዳፍ፣ ድምፁ ሲወጣ እጁም ይወጣል። ልጆች ይሄን ይወዱታል፣ እኔ ዝም ብዬ በእጄ ሳሳይ እነሱ ያዜማሉ።

ከበሮ ካለሽ አንድ ነው የሚሆነው፣ አንድ ከበሮ ለ58 ልጅ ማለት ጦርነት ነው። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከየቤታቸው ያምጡ፣ ያላመጣ ጭኑን ይምታ። ከመጀመርሽ በፊት ግን የማቆሚያ ምልክት አስለምጃቸው፣ እኔ እጄን ጭብጥ ሳደርግ ሁሉም እጁን ብብቱ ስር ይከታል፣ ይሄን ሳላስለምድ ጀሪካን የሰጠሁ ቀን ደወል እስኪደወል አላቆሙም። ኪቦርዱን ክረምት ላይ ትማሪዋለሽ። ብቻ ጎን ክፍል የሚያስተምረውን ሰው ቀድመሽ አናግሪው፣ እኔ ጋ ያለው እስካሁን አኩርፎኛል 😅