ላዩ በረዶ፣ ታቹ ሙቅ

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ ነው የምኖረው። ፍሪጄ ላይኛው ክፍል በረዶ ይሠራል፤ ታች ያስቀመጥኩት ወተት ግን በማግስቱ ይበላሻል። ሠራተኛው «ጋዝ አልቋል» አለኝ። ላስሞላ?

መልስ፦ ኧረ ይቆዩ! የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ያኔ ደግሞ ላዩም ይደክማል። እኔ የምጠረጥረው ቀዝቃዛው አየር የሚወርድበት መንገድ በበረዶ መደፈኑን ነው። ከሶኬት ነቅለው፣ በሩን ከፍተው 24 ሰዓት ይተዉት። በቢላ እንዳይፍቁት! እኔ አንዴ ቧንቧውን በስቼ ጉድ ሆኛለሁ። ሲሰኩት ቀዝቅዞ ከቀናት በኋላ ከተመለሰበት፣ በረዶ ማቅለጫውን ያስፈትሹ። ታቹ ጭራሽ ካልቀዘቀዘ ደግሞ አየሩን የሚነፋውን ፋን። የጅማ ክረምት እርጥብ ነውና የበሩን ጎማም ይዩት፦ ወረቀት አስገብተው ይዝጉ፣ ያለ ትግል ከወጣ ላልቷል። ትኩስ ወጥ ከነድስቱ ያስገባሉ እንዴ? ይንገሩኝ፣ አልቆጣም።