መልስ፦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለምን ከሰው ይለዩ ነበር?

ወንድሜ፣ «በሽታው ያን ያህል ካልተላለፈ ለምን ለይተው አስቀመጧቸው?» ብለሃል። አንደኛ፣ የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ሲያገኝ፣ በዘር የሚወረስ ነው የሚለው እምነት ወደቀ። ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው ስለተባለ ፍርሃቱ ባሰ። በ1897 በርሊን የተሰበሰቡ ሐኪሞች ማግለልን ደገፉ፣ መንግሥታትም ሕግ አወጡ። የጃፓኑ ሕግ የተሻረው በ1996 ነው። ፈዋሹ የመድኃኒት ጥምረት ግን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነበር! ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በእኛም አገር ሐረር ላይ ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት የሕሙማን መንደር ነበር።

ጎንደር ሳድግ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። ሰው ሳንቲሙን ከሩቅ ጋቢያቸው ላይ ይወረውራል። አያቴ ግን ጎንበስ ብላ ዳቦውን በሁለት እጇ ታቀብላቸው ነበር፤ ጣት በሌለው መዳፋቸው ይቀበሏታል። ምንም አልሆነችም። ለነገሩ 95 በመቶ የሚሆነው ሰው በሽታውን በተፈጥሮው ይቋቋመዋል።

ዛሬ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ሕክምናው ከ6 እስከ 12 ወር ነው። ገላህ ላይ ነጣ ብሎ ሲነካ የማይሰማህ ቦታ ካየህ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂድ።