የጎረምሶቻችን ገበታና የልባቸው ጤና፦ ለወሎ ተወላጆች በአሜሪካ

ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከከሚሴና ከየገጠሩ ወጥታችሁ በአሜሪካ ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ በዚህ አገር ረጅም ዘመን እንደኖረ ሰው አጥብቄ የማሳስባችሁ ጉዳይ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆቻችን የሚበሉትና የሚጠጡት ነገር ነው። የልብ በሽታ የአዛውንቶች ሕመም ይመስለናል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1973 በሉዊዚያና የተጀመረው የቦጋሉሳ የልብ ጥናት እንዳሳየው፣ የደም ሥርን የሚያጠብበው ስብ መከማቸት የሚጀምረው በልጅነት ሲሆን፣ የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ከፍ ባለ ወጣቶች ላይ ደግሞ ይበረታል።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ለስላሳ መጠጥን ነው። 355 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግን ለልጆችና ለጎረምሶች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ፈሳሽ ስኳር ሳያጠግብ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ጉበትም የተረፈውን ወደ ስብ ይለውጠዋል።

ጾማችንም ሊታሰብበት ይገባል። የወሎ ሰው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጿሚ ነው፤ በጾም ቀን የምንበላው ሽሮ፣ ምስርና ጎመንም ዘይቱና ጨው ካልበዛበት ለልብ የሚስማማ ነው። ዳሩ ግን የተጠበሰ ድንችና ለስላሳም የጾም ናቸውና፣ ረቡዕና ዓርብን በእነርሱ የሚውል ልጅ ጾሙን ባይሽርም ሰውነቱን ይጎዳል። የረመዳን ማፍጠሪያም እንዲሁ በሳምቡሳና በጣፋጭ ጭማቂ ብቻ መሞላት የለበትም።

ቁርሱን ሳይበላ ለሚወጣ ልጅ የደጋው ገብስ በቂ ነው፤ ቆሎው በቦርሳ ይያዛል፣ በሶው ስኳር ሳይበዛበት ይበጠበጣል፣ በውስጡ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ አሰርም ጎጂውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል።

የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ9 እስከ 11 እና ከ17 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ የኮሌስትሮል ምርመራ እንዲደረግ ይመክራልና ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በቤተሰቡ የስኳር ሕመም ካለም አትደብቁ። የልጁን ውፍረት ግን በሰው ፊት አታንሡ፤ ገበታው የሚለወጠው ለቤተሰቡ ሁሉ ይሁን።

ለክረምት ልጆቻችሁን ወደ አገር ቤት ስትወስዱ፣ አያቶችና አክስቶች በፍቅር ለስላሳ እንደሚደረድሩ ታውቃላችሁና፣ ቅር ሳይሰኙ እርጎና ቆሎ እንዲያቀርቡላቸው ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ አስረዷቸው።