ሲ፣ ኤ፣ ቲ ከየት አምጥታ «ካት» ትበል? ትንንሾችን እንግሊዝኛ ስለማስተማር ጥያቄና መልስ

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር 19 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ተሁለደሬ ገጠር ነበርኩ፣ አሁን ደሴ ነኝ። ጠይቁኝ ብዬ ጠየቃችሁ፤ አብሽሩ፣ የምችለውን ልመልስ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከሐይቅ፣ እናት)፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ኤቢሲዲን እስከ ዜድ ትወርደዋለች፤ አንዲት ቃል ግን አታነብም። ሰነፍ ናት ወይስ መምህሯ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም እህቴ። የለመደችው ፊደል ነው። የኛ «በ» ስሙም በ፣ ድምፁም በ ነው። «በ» እና «ግ»ን ገጥማ «በግ» ብላ ታነባለች፣ አለቀ። እንግሊዝኛ ላይ የፊደሉ ስም ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። ሲ፣ ኤ፣ ቲ ብላ ብትደምረው «ሲኤቲ» ነው የሚወጣው። ከየት አምጥታ «ካት» ትበል?

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሻገረ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» አለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ የጓደኞቹን አፍ አየ። «ካት» አሉለት። «ካት» አለ። አጨበጨብንለት። አላነበበም እኮ! ይህን እስካስተውል ስንት ዓመት እንዳጨበጨብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ የፊደሉን ስም ለጊዜው ተዪውና ድምፁን አስይዣት። ክ፣ አ፣ ት። ሃያ ስድስቱንም አንዴ አትጫኛት። ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ፒ፣ አይ፣ ኤን ለመጀመሪያው ወር ይበቃሉ። ከስድስቱ ብቻ ሲት፣ ፒን፣ ታፕ፣ ፓን፣ አንት ይወጣሉ። በካርቶን ቁራጭ ጽፈሽ መደቡ ላይ በትኚላት፤ ራሷ ትግጠም።

ጥያቄ (ከደጋን፣ አባት)፦ ልጄ ጧት ቁርአን ቤት ነው፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት። የአማርኛ ፊደል፣ የዓረብኛ ፊደል፣ የእንግሊዝኛ ፊደል። አይምታታበትም? የቁርአኑን ለጊዜው ላስቁመው?

መልስ፦ ኧረ አያስቁሙት ጋሼ። እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርዎት። እንግሊዝኛ ላይ ልጆቻችንን የሚያስቸግር ድምፅ አለ፤ ምላስ በጥርስ መሃል ብቅ ብሎ የሚወጣው። «ሦስት» እና «ይህ» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ላይ አለ። አማርኛ ስለሌለው «ስሪ» እና «ዚስ» እንላለን። ስቸኩል እኔም እላለሁ። ቁርአን የቀራ ልጅ ግን ድምፁን ከድሮም ያውቀዋል። ባለ ሦስት ነጥቧ ሳ እና ባለ አንድ ነጥቧ ዛል እሱው ናቸው። ሸኹ ምላስህን አውጣ እያሉ አርመውታል። ክፍል ውስጥ «ቁርአን ቤት ሳን እንዴት ነበር የምትሏት?» ስል አምስት ስድስት ልጅ ምላሱን ብቅ ያደርጋል። «በቃ፣ በሷ ስሪን በሉልኝ» እላለሁ። ሌላው ከነሱ ይቀዳል።

ዓረብኛው የማይረዳበትም አለ። ፐ የለውም። ገጠር ፖሊሱም «ቦሊስ» ስለሆነ «ፔን» ብዙ ጊዜ «ቤን» ትሆናለች። ብጣሽ ወረቀት አፉ ፊት ይያዙለት። «ፔን» ሲል ወረቀቷ ወዝወዝ ካለች ልክ ነው፤ ዝም ካለች «ቤን» ብሏል። ልጆች ይህችን ጨዋታ አይጠግቧትም።

መምታታቱ ትንሽ አለ። መስመር ከቀኝ የሚጀምር ልጅ ገጥሞኛል። ይለቀዋል። «ቢ» እና «ዲ» የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች የሚያገለባብጠው ግን ዓረብኛ የማያውቀውም ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ቁርአን ቤትም ሆነ ቄስ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ንባቡን ሳይሳሳቱ መያዝ ነው፤ ትርጉሙ ኋላ ይመጣል። ለዚያ ትምህርት ልክ ነው። እኛ ቲቸሮች እንግሊዝኛውንም በዚያው መንገድ ወሰድነው። ለዚህ ነው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ክፍል ስገባ ልጁ ሁሉ ብድግ ብሎ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» የሚለኝ።

ጥያቄ (ከመርሳ፣ መምህር)፦ በአንድ ክፍል 72 ተማሪ አለኝ። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። «ተማሪው ይናገር» እያሉ ያሰለጥኑናል። እንዴት አድርጌ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስቲ እናስላው። 72 ልጅ ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ቢናገር 36 ደቂቃ ነው። ክፍለ ጊዜው 40። ስም ስትጠራ ያልቃል። ስለዚህ ተራ በተራ የሚባለውን እርሳው። በአንድ ዴስክ ሦስት ከሆኑ 24 ዴስክ አለህ፤ 24 ዴስክ አንዴ ይናገር።

እኔ የጀመርኩት ከአኩኩሉ ነው። «አኩኩሉ!» «አልነጋም!» የሚለውን የማያውቅ ልጅ የለም። 2ኛ ክፍሎችን ሜዳ አወጣኋቸውና አንዱን ዓይኑን አስጨፈንኩት። «ኢዝ ኢት ሞርኒንግ?» ይላል። «ኖ!» ይሉታል። «ኢዝ ኢት ሞርኒንግ?» «ኖ!» ተደብቀው ሲያበቁ «የስ!» ይላሉ፣ ፍለጋ ይጀመራል። ጥያቄውን ማንም አላስጠናቸውም። በሁለተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት ያለኔ ሲጫወቱት ሰማሁ።

ከዚያ ወደ ዴስኩ አመጣሁት። ለየዴስኩ አንዳንድ ቆርኪ። አንዱ መዳፉ ውስጥ ይደብቃል፣ ሁለቱ «ኢዝ ኢት ሂር?» እያሉ ይጠይቃሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆርኪው ደብተር ሥር፣ ዴስክ ላይ፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። «አንደር»፣ «ኦን»፣ «ኢን» በዚያው ተማሩ። ጫጫታው አይጣል ነው። ርዕሰ መምህሩ «ምን ተፈጠረ?» ብለው ሮጠው መጥተው ያውቃሉ። ድምፅ የሚያበዛ ዴስክ ቆርኪውን ይመልሳል የሚል ሕግ አወጣሁ፣ ተረጋጋ።

ለኳስ ወዳዶችህ ደግሞ ጎል፣ ፓስ፣ ፋውል፣ ኮርነር እንግሊዝኛ መሆናቸውን ንገራቸው። «እንግሊዝኛ አልችልም» የሚለው ልጅ አንድ አስር ቃል ይዞ ነው የመጣው።

ጥያቄ (ከከሚሴ፣ መምህርት)፦ የኔ ተማሪዎች በአፋን ኦሮሞ ስለሚማሩ የላቲኑን ፊደል ያውቁታል። ታዲያ ለምን አይቀላቸውም?

መልስ፦ የሚያውቁት ቁቤውን፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ስለሆነ ነዋ። ቁቤ ላይ ሲ «ጭ» ነው፣ ኤክስ «ጥ» ነው። ድመቷን «ጨት» ብለው ቢያነቡልሽ አይፈረድባቸውም፤ ወሎ ላይ ደግሞ «ጨት» ለጫት ቅርብ ናት። «ቦክስ» ስትጽፊ «ቦጥ» ይሉሻል። አብዛኛው ፊደል ግን ያግዛቸዋል፤ ከባዶ አይጀምሩም። የሚለያዩትን ብቻ ሰብስበሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ እናት)፦ ልጄ የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት አማርኛ ይከለክላል። አሁን አያቷን እንኳ በወጉ አታናግርም። ለነገዋ ይጠቅማታል ብዬ ዝም አልኩ።

መልስ፦ ጭንቀትሽ ይገባኛል። በክልላችን በአማርኛ የሚማር ልጅ ቢዘገይ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ብዙ ልጅ እዚያ ላይ ሲንገዳገድ አይቻለሁ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል እንደ አንድ ትምህርት የሚሰጠውም ለዚያ እንዲዘጋጁ ጭምር ነው።

መድኃኒቱ ግን አማርኛዋን መንጠቅ አይደለም። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የገባው ልጅ ሁለተኛው ላይ ይፈጥናል። አንዱም ያልገባው ሁለቱንም ይጎትታል። ማታ ማታ አያቷ ተረት ያውሩላት። ትምህርት ቤቱ ምንም ቢል ቤትሽ ውስጥ አማርኛ የሚከለክል ሰው አይኑር።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ በስንት ዓመቱ ቢጀምር ጥሩ ነው?

መልስ፦ ትንሽ ልጅ አነጋገሩን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ያውም ቋንቋውን ብዙ ከሰማ ነው። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ ከፍ ያለው ልጅ ቶሎ ይገባዋል። 10 ዓመት የሞላው ልጅ ካለዎት አረፈደም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ልጄ ጧት «ስንት ሰዓት ነው?» ስለው 2 ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝኛ ስጠይቀው «ቱ» ይላል።

መልስ፦ የሁላችንም ልጅ እንዲያ ነው። ስድስት ጨምር በሉት፤ 2 ሲሆን «ኤይት»። ከ6 ካለፈ ስድስት ይቀንስ። ለሒሳቡም ይጠቅመዋል።

ጥያቄ (ከላሊበላ፣ አባት)፦ ልጆቻችን ፈረንጅ ሲያዩ «ዩ! ዩ!» ብለው ይጮኻሉ። አፈርን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጁ በሱ ቤት «አንተ!» ብሎ መጥራቱ ነው፤ ቃሉን ቀጥታ ተርጉሞታል። «አንቱ»ን ቢፈልግም እንግሊዝኛው ላይ አያገኘውም፤ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም ያው «ዩ» ነው። ቁጣው ቀርቶ ምትክ ስጡት። በ«ዩ» ፈንታ «ኤክስኪውዝ ሚ»፣ ከዚያ «ዌር አር ዩ ፍሮም?» ቤት ውስጥ እርስዎ ፈረንጅ ይሁኑና ይለማመድብዎት። የአገሩን ስም ሲነግሩት ደግሞ የሚቀጥለውን ይጠይቅዎታል፤ እሱንም ተዘጋጅተው ይጠብቁት።