ለልጄ አስም የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ልሞክርለት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ቤጂንግ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የስድስት ዓመት ልጄ አስም አለበት። ብርዱ ገብቶ ሰማዩ ሲደፈን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው ያድራል። ጠዋትና ማታ የሚስበው ቡዴሶናይድ ታዞለታል፤ ስቴሮይድ ነው ሲሉኝ ፈራሁ። ጎረቤቴ ደግሞ በሐምሌ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ የዕፅዋት መድኃኒት ከሥሩ ይነቅልለታል አለችኝ። አፍልቼ የማጠጣው ዕፅም ሰጠችኝ። ቡዴሶናይዱን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አደራዎትን፣ አይተዉት።

አስም ያለበት ልጅ የአየር ቧንቧው ውስጡ የተቆጣ ነው። ሳይስል በሚውልበት ቀንም ቁጣው አለ። ቡዴሶናይድ የሚያበርደው ይህንን ነው። በማይክሮግራም የሚለካ መጠን በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ፣ ከሚዋጠው ስቴሮይድ ጋር አንድ አያድርጉት። ምንም ጉዳት የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ለዓመታት ሲወሰድ ከቁመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል። ያልታከመ አስም ግን ልጅ ይገድላል። ከሳበ በኋላ አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት።

ጎረቤትዎ የነገረችዎ ሳንፉ ቲዬ ይባላል። የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች የብርዱን ወራት በሽታ በሙቀቱ ወራት አክም ይላሉ። ነጭ ሰናፍጭ፣ ሺሺን የሚባል ሥርና ሌሎች ዕፅዋት ተፈጭተው በዝንጅብል ጭማቂ ይለወሱና ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። ጥናቶች ተሠርተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ትንንሽና ደካማ ስለሆኑ ከሥሩ ይነቅላል የሚያሰኝ ነገር የለም። ሰናፍጩ የልጅ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። እኔ ብሆን አላስለጥፍም።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ የሚፈላው ነው። ለአስም በሚታዘዙት ውስጥ ብዙ ጊዜ ማ ሁዋንግ የሚባል ተክል አለ። ተክሉ ኤፌድሪን አለው። ጃፓናዊው ኬሚስት ናጋይ ናጋዮሺ እ.ኤ.አ. በ1885 ኤፌድሪንን ለይቶ ያወጣው ከዚሁ ተክል ነው። የአየር ቧንቧን በእርግጥ ይከፍታል፤ ለረጅም ጊዜም የአስም መድኃኒት ነበር። ግን የልብ ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ሲያፍነው ቧንቧውን ለመክፈት በሚስበው ሳልቡታሞል ላይ ሲደረብ ደግሞ ይብሳል። ሺሺን ካለበትም ኩላሊት የሚጎዳ አሪስቶሎኪክ አሲድ ሊኖረው ይችላል። ዕፅ ብቻ ነው ተብለው በሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥ ያልተነገረ ስቴሮይድ ተደባልቆ የተገኘበት ጊዜም አለ። ከተለካው ስቴሮይድ ሸሽተው ያልተለካውን እንዳያጠጡት።

ይህን የምለው የቻይናን ዕፅ ንቄ አይደለም። ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም መነሻው የቻይና ዕፅ ነው፤ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችበት። ልዩነቱ ያኛው ተፈትኗል፣ መጠኑም ታውቋል።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ፤ የልጅዎ ሌሊት የሚበላሸው በእሱ ነውና። ከመኪና፣ ከፋብሪካና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ፒኤም 2.5 የተባለው ብናኝ ከፀጉር ዘለላ 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። አፍንጫ አያስቀረውም። ሳንባ ጥልቅ ድረስ ገብቶ የተቆጣውን ቧንቧ ያስቆጣዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ቤጂንግ ውስጥ መጠኑ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ800 ማይክሮግራም ያለፈበት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ብዙ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ዓመታዊ አማካዩ ከ35 ማይክሮግራም በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን 5 ነው።

ጠዋት ስልክዎ ላይ የአየር ጥራት መለኪያውን (AQI) ቁጥር ይዩ። ከ150 በላይ ካሳየ ደጅ አይሩጥ፣ መስኮትም ይዘጋ። አቅም ካለ ሄፓ የተባለ ረቂቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ያድርጉ። ከቤት ካወጡት ፊቱ ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 የተባለ ጭምብል ይልበስ፤ የጨርቁ ብናኙን አይዝም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ቡና ሲያፈሉ ዕጣን ያጨሳሉ? መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቶ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ዕጣኑ ሲትጎለጎል ልጁ ረከቦቱ ሥር ይጫወታል። ያም ያው ጭስ ነው። ቡናውን አይተዉ፤ ዕጣኑ ግን ይቅር። ሲቆሉም እሱ ሌላ ክፍል ይሁን።

የሰጠችዎን ዕፅ ከነማሸጊያው ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩት፤ እስከዚያ አያጠጡት። ሳልቡታሞሉን በስፔሰር (መሳቢያው ላይ በሚገጠመው ማጠራቀሚያ ቱቦ) ስቦ ካልቀለለው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ከተሰረጎደ፣ ማውራት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ 120 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። አምቡላንሱ እስኪደርስም ሳልቡታሞሉን በየተወሰነ ደቂቃ ይስጡት።