ቴምብር ሻጯ ገጣሚ

ጥያቄ፦ በአንድ አሮጌ የግጥም መድበል ውስጥ ሉዊዝ ኢሞጀን ጋይኒ የምትባል አሜሪካዊት ካቶሊክ ገጣሚ አገኘሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ግጥሞቿ ብዙም አልጣሙኝም። ደብዳቤዎቿ ግን በቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል ሲባል ሰምቼ ልቤ ተንጠለጠለ። የሚለፋላቸው ናቸው? ከሆነስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አይፈሩ፣ ብቻዎን አይደሉም። እኔም ግጥሞቿን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቻቸዋለሁ። ፈረሰኛና ሰይፍ ይበዛባቸዋል፤ ቃላቱም ያረጁ ናቸው። ደብዳቤዎቿን ሳነብ ግን ሌላ ሰው መሰለችኝ። ተጫዋች ናት፣ በራሷም ትስቃለች፣ ስለ ውሾቿ አውርታ አትጠግብም።

ከፖስታ ቤቱ ዘመን ይጀምሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሉዊዝ በ1861 ዛሬ የቦስተን አካል በሆነችው ሮክስበሪ ተወለደች። አባቷ ከአየርላንድ የሄዱ ስደተኛ ነበሩ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘጠነኛውን የማሳቹሴትስ እግረኛ ክፍለ ጦር መርተዋል። በ1864 አንድ ዓይናቸውን አጡ፣ በ1877 አረፉ። ልጅቷ ገና 16 ዓመቷ ነበር። ግጥም ደግሞ ቤት አያቆምም። ስለዚህ በ1894 ቦስተን አጠገብ የምትገኘው የኦበርንዴል ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነች።

አሁን ጉዱን ይስሙ። የኃላፊው ደመወዝ ከቴምብር ሽያጭ ጋር የተያያዘ ነበር። ከአካባቢው ሰዎች አንዳንዶቹ ካቶሊክ፣ ያውም የአየርላንዳዊ ልጅ፣ ፖስታ ቤታችንን አትመራም አሉ። ምን አደረጉ? ቴምብራቸውን ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። ሳይጮሁ ደመወዟን ለመቁረጥ ነው! ወሬው ሲሰማ ግን ወዳጆቿና የማያውቋት ሰዎች ጭምር ከሩቅ ሆነው ቴምብር ከእሷ ይገዙ ጀመር። ዘመቻው ከሸፈ። እሷ ግን ሥራው አድክሟት በ1897 ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ክፍል ሠራች፤ በ1901 ወደ ኦክስፎርድ ሄደች፤ በ1920 እንግሊዝ አገር አረፈች። ግጥሙ ቀስ በቀስ ነጥፎባት ነበር። ቀኑን ሙሉ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የተረሱ የእንግሊዝ ካቶሊክ ገጣሚዎችን ትፈልግ ነበር። ያ ሥራዋ የታተመው በ1938 ነው፣ ከሞተች ከ18 ዓመት በኋላ።

ወደ ደብዳቤዎቹ እንመለስ። በ1926 በሁለት ቅጽ ታትመዋል። ለመጀመሪያ ንባብ ይበቃሉ። ነገር ግን ያሰናዳቻቸው የወንድም ወይም የእህት ልጅ ደረጃ ያለች የቤተሰብ ሰው ናት። የቤተሰብ ሰው ሲመርጥ ደግሞ የቱን እንደሚያስቀር አስቡት።

ከዚያ ወዲያ የሚሄዱ ከሆነ፣ ዎርሴስተር ማሳቹሴትስ የሚገኘው ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ ብዙ ወረቀቶቿን ይዟል። አባቷም የተማሩት እዚያው ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰው የላከው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በራሱ ማኅደር ሳይሆን በተቀባዩ ዘንድ ነው። ስለዚህ በእሷ ስም ብቻ አይፈልጉ፤ የወዳጆቿንም ስም ይዘው ይፈልጉ። ለምሳሌ ፎቶግራፍ አንሺው ፍሬድ ሆላንድ ዴይ የቅርብ ጓደኛዋ ነበር። ለእሱ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ከመሄድዎ በፊት ለመዛግብቱ ሠራተኛ ይጻፉና የሳጥኖቹን ዝርዝር ይጠይቁ። ከ1894 እስከ 1897 ያሉትን አስቀድመው ያስወጡ። ፖስታዎቹም አብረው ተቀምጠው እንደሆነ መጠየቅ አይርሱ። ከተገኙ ማኅተሙ ላይ ኦበርንዴል የሚል ይፈልጉ፤ ቴምብሩን የሸጠችው ራሷ ልትሆን ትችላለች።